መደቡ እኩል፣ ድካሙስ?

ሁዳዴ ሊገባደድ ሲል በአዳሚ ቱሉ ሰፈሮች አንድ ጥያቄ ከቤት ቤት ይዞራል፤ «ዘንድሮ ቅርጫ ከማን ጋር ናችሁ?» ይባላል። ሲሰሙት ስለ ሥጋ የተጠየቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስለ ጎረቤት ነው። አምና በአንድ በሬ የተካፈሉ ሰዎች ዘንድሮ ሌላ ሌላ ማኅበር ሲፈልጉ ካያችሁ፣ አምና ሳይነገር የቀረ ቅሬታ አለ ማለት ነው።

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ልጆች ክትባት ነው። ዛሬ ቅርጫን ሳነሳ ከጤና የራቅሁ እንዳይመስላችሁ። ሌሊት ልጅ ሲያተኩሰው፣ አያት ድንገት ሲወድቁ፣ ምጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የጎረቤት በር ነው። ያ በር በአንድ ኪሎ ሥጋ ወይም በጥቂት መቶ ብር ሂሳብ ምክንያት እንዳይዘጋ ነው የዛሬው ጨዋታችን።

አስቀድመን ቅርጫ የሚያምርበትን እንይ። የሥጋውን ክፍፍል አባቶቻችን በሚገባ አስበውበታል። በሬው ታርዶ ከተገፈፈ በኋላ ሥጋው እንዲሁ በጅምላ አይቆራረጥም። ብልት በብልት ይወጣል። ታላቁ፣ ታናሹ፣ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ሻኛው፣ ጎድኑ፣ ፍሪምባው፣ ወርቹ፣ እያንዳንዱ በአባላቱ ቁጥር ይከፈልና በቅጠል ወይም በላስቲክ ላይ በተደረደሩት መደቦች ላይ አንድ አንድ ይጣላል። ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ ጨጓራው፣ አጥንቱም እንደዚሁ። ሁሉም መደቦቹን አይቶ «ይሁን» ሲል ዕጣው ይመጣል። አንዱ ቁልፉን፣ አንዱ ቀለበቱን፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የዛፍ ቅጠል ይሰጣል። የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው፣ ብዙ ጊዜም ልጅ፣ እየወሰደ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ቢላዋ የያዘው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም። አንዱን አሳንሶ ሌላውን ቢያተልቅ ትንሹ ለራሱ ሊወጣለት ይችላል። «ዛሬ ሚዛን እያለ ዕጣ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። ሚዛን ክብደት ይለካል እንጂ ሽንጥን ከወርች አይለይም፤ አጥንት የበዛበት አሥር ኪሎም ያው አሥር ኪሎ ነው። ሚዛን ካለ መደቦቹን ለማስተያየት ይጥቀም፤ ዕጣውን ግን አይተካውም።

እንግዲህ ሥጋው ዕጣ አለው። ወጪውና ሥራው ግን ዕጣ የላቸውም። ቅሬታውም የሚፈልቀው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ከወጪው እንጀምር። «በሬው ስንት ወጣ?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ የበሬው ዋጋ ብቻውን የቅርጫው ዋጋ አይደለም። የደላላ አለ። ከገበያ እስከ ሰፈር ማመላለሻ አለ። ገመድና መኖ አለ። አራጅና ገፋፊ ይከፈላቸዋል። ላስቲክ፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ ሳይቀር ይገዛል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በሬ ሊገዛ ከሄደው ሰው ኪስ ነው። እሱም ይሉኝታ ይይዘውና «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ዝም ይላል። በዓመቱ «እኔ አልሄድም፣ ሌላ ሰው ላኩ» ይላል፤ ወይም ያወጣውን ለመተካት በበሬው ዋጋ ላይ ጨምሮ ይናገራል። ይህ የታወቀ ዕለት ማኅበሩ አለቀለት፤ ሰውየው ሌባ ሳይሆን ሌባ ተባለ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ በገበያችሁ ዋጋ ተኳቸው። በሬው በ108,000 ብር ተገዛ እንበል። ደላላ 1,000፣ ማመላለሻ 2,000፣ አራጅና ገፋፊ 3,000፣ ገመድ፣ መኖና ጥቃቅን ዕቃ 1,200 ብር። ድምሩ 115,200 ብር ነው። ለ12 መደብ ሲካፈል ለአንዱ 9,600 ብር ይደርሳል። የበሬው ዋጋ ብቻ ቢካፈል ኖሮ 9,000 ብር ይሆን ነበር። ለአንድ ቤት ልዩነቱ 600 ብር ነው፤ ሲሰበሰብ ግን 7,200 ብር ነው። ይህን አንድ ሰው በዝምታ እንዲሸከመው መተው ግፍ ነው።

ስለ ቆዳውም ልናገር። ቀድሞ ቆዳው ራሱ ዋጋ ነበረው፤ ለአራጁ ተሰጥቶ ወይም ተሽጦ ወጪ ያቃልል ነበር። አሁን የቆዳ ዋጋ ወድቆ በየበዓሉ ማግስት በየመንገዱ ዳር ተጥሎ እናየዋለን። ስለዚህ ለአራጁ «ቆዳውን ውሰድ» ብሎ ማሰናበት ዛሬ ክፍያ አይባልም። የእጁን ዋጋ በብር ስጡት።

የመደቡ ቁጥርም አስቀድሞ ይወሰን። በእኛ በኩል የሚበዛው የአርሲ በሬ ሰውነቱ አነስ ያለ ነው፤ የቦረና በሬ ግን ግዙፍ ነው። ለቦረናው የተለመደውን የሰው ቁጥር በአርሲው ላይ ብትጭኑ ሁሉም አኩርፎ ይበተናል። የአንድ በሬ ሥጋ ከነአጥንቱ ከቁም ክብደቱ ግማሽ አካባቢ ነው ብላችሁ አስቡ። በሬው በቁሙ 300 ኪሎ ቢሆን 150 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል፤ ለ12 ሲካፈል ለአንድ መደብ 12 ኪሎ ተኩል ያህል ይደርሳል። በምሳሌያችን ሂሳብ አንዱ ኪሎ ከነአጥንቱ 768 ብር መጣ ማለት ነው፤ የሆድ ዕቃው ሳይቆጠር። ይህን ከሰፈራችሁ ልኳንዳ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ሂሳቡን ቀድሞ ያወቀ ሰው መደቡ ፊት ቆሞ «ይቺ ብቻ ናት?» አይልም።

ገንዘቡ ደግሞ በሬው ከመገዛቱ በፊት ይሰብሰብ። «ከበዓል በኋላ እሰጣለሁ» የምትባለዋ ቃል ብዙ ወዳጅነት አበላሽታለች። ሥጋው ተበልቶ ካለቀ በኋላ የሚከፈል ዕዳ ለከፋዩም ይመራል፣ ለጠያቂውም ያሳፍራል። በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ እንደ ዕቁብ በየወሩ እያዋጡ ለበሬ የሚያጠራቅሙ አሉ፤ መልካም ልማድ ነው። 9,600 ብር በአንድ ጊዜ የሚከብደው ቤት በወር 800 ብር እያስቀመጠ በ12 ወር ይደርስበታል። የሰበሰቡትን በአንድ ሰው ኪስ ሳይሆን በሁለት ሰው ፊርማ በሚወጣ የባንክ ደብተር አኑሩት።

ከዚህ ሁሉ አንጀቴን የሚበላኝ ግን ከፍሎ የሚጣላው ሰው አይደለም፤ ሳይጣላ፣ ሳይናገር የሚቀረው ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት ባላቸው በሕይወት ሳሉ ሙሉ መደብ ይገቡ ነበር። ባላቸው ካረፉ በኋላ «ጥርሴም እምቢ ብሏል፣ ሥጋም እምብዛም አልወድ» እያሉ መቅረት ጀመሩ። ሰፈሩም አመናቸው። ሥጋው አስጠልቷቸው አልነበረም፤ የአንድ መደብ ዋጋ ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ነው። «ግማሽ ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ለእሳቸው ከልመና አይለይም። በዓሉን ደጃቸውን ዘግተው ያሳልፉ ነበር። በዓል የሚያስኬዳቸው ጎረቤት፣ ቡና የሚያጣጡ ሰው ሳይኖር የዋለ አዛውንት ምን ያህል እንደሚጎዳ በቤቱ አያት ያለው ሰው ያውቀዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማኅበሩ ዋጋውን ሲያስታውቅ ከመጀመሪያው «ሙሉ መደብ 9,600፣ ግማሽ 4,800፣ ሩብ 2,400» ብሎ ለሁሉም እኩል ይናገር። ያን ጊዜ ጠያቂም ተጠያቂም የለም፤ እያንዳንዱ እንደ ቤቱ ይመርጣል። ግማሽ ገቢዎቹ ሁለት ሆነው አንድ ዕጣ ያውጡ። ከዚያ የደረሳቸውን መደብ አንዳቸው ለሁለት ይክፈል፣ ሌላኛቸው ይምረጥ። ከፋዩ የሚቀርለትን ስለማያውቅ እኩል ለማድረግ ይጠበባል፤ ዳኛ አያስፈልግም።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ላይ ስለ ፋሲካው በግ ሲታዘዝ፣ የቤቱ ሰው ለአንድ ጠቦት የማይበቃ ከሆነ ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር በሰው ቁጥርና በሚበሉት መጠን እንዲካፈል ተነግሯል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለዐረፋ በግና ፍየል ለአንድ ሰው ሲያርዱ፣ በሬ ወይም ግመል ከሆነ እስከ 7 ሰው ሊጋራው እንደሚችል ሕጋቸው ያዝዛል። ሥጋውንም ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ለጎረቤት፣ ለችግረኛ ብለው ሦስት ቦታ መክፈል የብዙዎቹ ልማድ ነው። በሁለቱም ሃይማኖት ጎረቤት በሂሳቡ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ። ለቅርጫ ስንት ሥራ እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? በፀሐይ ገበያ ለገበያ ዞሮ በሬ የሚያስስ አለ። በሬውን እስከ ዋዜማው የሚያበላ፣ የሚያጠጣ፣ ሌሊት የሚጠብቅ አለ። የሚጥል፣ የሚያርድ፣ የሚገፍ፣ የሚበልት አለ። ውሃ የሚቀዳ፣ ቢላዋ የሚስል፣ ላስቲክ የሚያነጥፍ አለ። ሁሉም ዘንቢሉን ይዞ ከሄደ በኋላ ደግሞ ደሙን፣ ፈርሱንና ዝንቡን ታቅፎ የሚቀር ግቢ አለ። ጨጓራና አንጀት ማጠቡስ? ሳይታጠብ ከተከፋፈለ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ያጥባል። «ታጥቦ ይከፈል» ከተባለ ግን የሰዓታቱ ሥራ ሁልጊዜ የሚወድቀው በእነዚያው በሁለት ወይም በሦስት ሴቶች እጅ ነው። ስማቸው ከዋጋው ዝርዝርም ከምስጋናውም ውስጥ የለም።

ሥራው ሲከፋፈል ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ ሥራው እንደ ወጪው ይጻፍ። ገበያ የሄደ ዘንድሮ ከሄደ ለሚቀጥለው ሌላ ይሂድ። ግቢውን የሰጠ ቤት ከማጽዳቱ ይገላገል፤ ጽዳቱን ሌሎች ይሥሩት። በሬውን ለሳምንታት ያበላ ቤት ከመኖ መዋጮ ይቀነስለት። ጨጓራ ያጠቡ ሴቶች የድካማቸው ዋጋ ይታሰብላቸው፤ ካልሆነም ባሎችና ጎረምሶች ውሃውን ቀድተው አብረው ያጠቡ፤ ክርናቸው እዚያ አይታጠፍም ያለ የለም።

ሁለተኛ፣ መሥራት ያልቻለ ሰው ከመደቡ እንዳይቀነስበት። ይህን የምለው «ሌሊቱን ያልመጣ ሰው እኩል ሊወስድ ነው ወይ?» የሚል ማጉረምረም ስለምሰማ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 30 ላይ የዳዊት 400 ሰዎች ጠላትን አሳደው ምርኮ ይዘው ሲመለሱ፣ ደክሟቸው ከዕቃ ጋር ለቀሩት 200 ሰዎች ከምርኮው አንሰጥም ያሉ ነበሩ። ዳዊት ግን የዘመተውም ዕቃ የጠበቀውም እኩል እንዲካፈል ፈረደ፤ ፍርዱም ለእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ። ወገቡ የታመመ አባት፣ አራስ ያለችበት ቤት፣ ዕለቱን ተረኛ የሆነ ጥበቃ ወይም ነርስ ገንዘቡን እስከከፈለ ድረስ መደቡ ሙሉ ነው። በቀላል ሥራ ሊያግዝ ይችላል፤ ስልክ ይደውል፣ ሂሳብ ይያዝ፣ ቡና ያፍላ። እየቻለ በየዓመቱ የሚጠፋ ጎልማሳ ግን የሥራውን ዋጋ በብር ጨምሮ ይክፈል፤ ይህም ቀድሞ ይነገረው።

ስለ ቅምሻም ሳልናገር አላልፍም። ሌሊቱን የደከሙ ሰዎች ጎህ ሲቀድ ዱለት ቢቀምሱ የሚያስከፋ ነገር የለውም። የሚያስከፋው ቅምሻው ሰፍቶ ጉበቱ ሳይከፈል ሲያልቅና ቤት የቀሩት እናቶች «የእኛ ጉበት የት ሄደ?» ሲሉ ነው። ለሠራተኞቹ ምን ያህል እንደሚወጣ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ የቀረው ሳይነካ ወደ መደቡ ይሂድ።

ከሁሉ ይበልጥ አጥብቄ የምነግራችሁ ስለ ኪሳራ ነው። በሬው ከበዓሉ በፊት ቢታመም ወይም ቢሞት ኪሳራው የማን ነው? ይህ ካልተወሰነ ያሰረው ቤት ወይም የገዛው ሰው ይደነግጣል። ሲደነግጥ ደግሞ «ሳይሞት ቶሎ እንረደው» ይላል። አደጋው እዚህ ጋ ነው። አባ ሰንጋ የያዘው ከብት አራጁን፣ ገፋፊውንም፣ በላተኛውንም ሊገድል ይችላል። በድንገት የሞተን ከብት፣ በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ደም የወጣውን፣ በምንም ምክንያት አትክፈቱት፣ አትግፈፉት፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ይህን ማድረግ የሚቀለው ኪሳራው ከመጀመሪያው የሁሉም እንደሆነ ሲታወቅ ነው። አሥራ ሁለት ሰው የተካፈለው ኪሳራ ያሳዝናል፤ አንድ ሰው የተሸከመው ግን የታመመ ከብት ያሳርዳል።

በሬውን ስትገዙም ሁለት ሰው ሆናችሁ እዩት። ይበላል? ያመሰኳል? አተነፋፈሱ ደህና ነው? በቅርቡ መርፌ ተወግቶ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ፤ መድኃኒት የወሰደ ከብት በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ሥጋው አይበላም። ቄራ ባለበት ከተማ በቄራ ማሳረድና ማስመርመር ይሻላል። ሰፈር ውስጥ ከሆነ ባለሙያው በቁሙ እንዲያየው ጥሩ፤ የሚጠይቀው ዋጋ ካለ እሱም በወጪው ዝርዝር ይግባ።

ከታረደ በኋላም ጉበትና ሳንባው ይፈተሽ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ከመደቡ በፊት ይወገድ፤ የጎደለው ከሁሉም ጎደለ ማለት ነው። ለውሻ ግን አትጣሉት። ውሻ ከበላው ትሉ በሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በልጆቻችን እጅ በኩል ወደ አፋቸው ይገባል። ከዚያ በሰው ጉበት ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ሲያድግ ይኖራል። ይቃጠል ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። በቀይ ሥጋው ውስጥ አተር የሚያክሉ ከረጢቶች ከታዩ የኮሶ ትል ነውና ጥሬውን እርሱት። አንድ ቤት ደርሶ ሥጋው እንዲህ መሆኑ ቢታወቅም ዕዳው ዕጣ ያወጣው ሰው ብቻ አይሁን፤ ሌሎቹ ከየመደባቸው ትንሽ ትንሽ ያውጡለት። የእኛ አገር ቆላማ ነው፤ ፀሐይዋ ከመበርታቷ በፊት ክፍፍሉ ይለቅ።

ዕጣው ከወጣ በኋላ መለዋወጥ ይፈቀድ። ጥርስ የሌላቸው አያት ቅልጥሙን ለሾርባ ይፈልጉታል፤ ወጣት ባለትዳር ጥብስ ይመርጣል። በፈቃዳቸው ቢለዋወጡ ሁለቱም ያተርፋሉ። ሪህ ያለበትም የሆድ ዕቃውን በሌላ ቢለውጥ ይበጀዋል።

እናንተ አያቶች አንድ ኃላፊነት አለባችሁ። ዕጣው ሲጣል የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ ቁሙ። ጠጠሩን በመደቡ ላይ እሱ ያስቀምጥ። ሂሳቡ ሲነበብም ይስማ። ያዋጣነው ይህን ያህል፣ ያወጣነው ይህን ያህል፣ የተረፈው 300 ብር ለሰፈሩ ጥበቃ ተሰጠ ሲባል የሰማ ልጅ፣ ነገ ዕቁብ ሲሰበስብም ዕድር ሲመራም ደብተሩን ይዞ ይቆማል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ በሬ ከመታየቱ በፊት፣ አንድ ምሽት ቡና አፍሉና ተሰብሰቡ። በአንድ ወረቀት ላይ የመደቡን ብዛት፣ የወጪውን ዝርዝር፣ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ፣ ኪሳራ ቢመጣ የሁሉም መሆኑን ጻፉ። አምና የነበሩ ዘንድሮ ግን ያልመጡ ሰዎችን ስም ደግሞ በአንድ ጥግ አስፍሩ። ወደ እነሱ ቤት አንድ ሰው ይሂድና ግማሽም ሩብም መደብ እንዳለ ይንገራቸው።